ማየት ይቻላል፣ መንካት አይቻልም

«እንግዶቹ ሲመጡ እሱ ሥራ ላይ ነው የሚሆነው፣ አይደል?»

ይህን ያለው ታላቅየው ነው፤ ኩሽና ውስጥ፣ ለእናቱ። «እሱ» የተባለው ታናሽየው ደግሞ ከኩሽናው መስኮት ሥር ካለችው ቧንቧ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ይቦርሽ ነበር። አፉን አረፋ ሞልቶታል እንጂ ጆሮው ላይ ምንም የለበትም፤ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ገባለት። «ለአንድ ማታ ነው እኮ እማዬ። ያንን የላስቲክ ቦቲውን አድርጎ ሶፋው ላይ ዘፍ ቢል ሰዎቹ ምን ይላሉ? በኋላ ቀስ ብዬ አስተዋውቀዋለሁ።» ሽንኩርት የሚከትፈው ቢላ ቆመ። ታናሽየውም ብሩሹን አቆመ። አሁን በቢላው እጀታ ጭንቅላቱን ትለዋለች፣ «አፍህን ዝጋ፣ ወንድምህ ነው» ትለዋለች ብሎ ጠበቀ። ቢላው እንደገና መክተፍ ጀመረ። «እንግዲህ አንተ ካልክ» አለች እናቱ። በቃ፣ ይቺው ናት። ልጁ አረፋውን ሊተፋ አስቦ ዋጠው።

ሰፈሩ ሽቦ ነው የሚለው። ቅጥነቱን አይተው ነው ያወጡለት፤ ደግሞም ወደፈለጉበት ያጥፉታል፣ አይሰበርም። ታላቅየው ኢንጂነሩ ይባላል። ምህንድስናውን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥሎት የሴራሚክ መሸጫ ሱቅ ተቀጥሯል፤ ትምህርቱ ቢቋረጥም ማዕረጉ አልተቋረጠም። አሁን እጮኛ አግኝቷል፣ የእጮኛው እናት ደግሞ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው ተብሎ ቤቱ ከሰሞኑ ቀጥ ብሎ ነው የሚራመደው። ሶፋው አዲስ ጨርቅ ለብሷል። መጋረጃው ታጥቦ ስለገባ አጥሯል። የሳሎኑ ግድግዳ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ተቀብቷል፤ የቀለም ዋጋ እሳት ሆኗል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ ቀና ብሎ የሚያይ እንግዳ የለም ተብሎ ተተወ። ኢንጂነሩ ለውጭ ሰው እንዲህ ነው፤ ለጎረቤት በር ይከፍታል፣ ለደንበኛ ወንበር ይስባል፣ ለወንድሙ ግን ፊቱን እንደ ደረሰኝ ቆርጦ ነው የሚሰጠው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የተባለው እሱን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ሽቦ ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ ሳሎን ገባና ኮምፒውተሩ ላይ የተደረበውን ዳንቴል ገፈፈ። ማታ ለእንግዶቹ «የቤተሰብ ፊልም» እንደሚታይ ያውቃል። ፊልም የሚለው ኢንጂነሩ ነው እንጂ ነገሩ አንድ ፎልደር ውስጥ ያለው ፎቶ ሁሉ በተራ እየተቀያየረ ከሥሩ ዘፈን የሚለቀቅበት ነው። ፎቶዎቹን ከእናታቸው አሮጌ አልበም አንድ በአንድ በስልኩ ያነሳው ራሱ ሽቦ ነው፤ ኢንጂነሩ ወገቤን ብሎ ነበር። እና አሁን ከፊልሙ ውስጥ ስንት ቦታ እንዳለው ማየት አማረው። ከሳሎን ቢያባርሩኝ ከፊልም አያባርሩኝም ብሎ።

ይቺ ኮምፒውተር የጋራ ናት። ሁለቱም አዋጥተው ነው የገዟት፣ በገዟት ሳምንት ሊገዳደሉባት ነበር። አንዱ የጫነውን ሌላው ያጠፋል፣ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው ይጥላል። እናታቸው ሲሰለቻት ጠጋኙን አስጠርታ «እንደ ዳቦ እኩል ቁረጥላቸው!» አለችው። ሰውየውም ሃርድ ዲስኩን መሐሉን ከፍሎ ለኢንጂነሩ ዊንዶውስ፣ ለሽቦ ደግሞ ነፃ ነው ብሎ ሊኑክስ ጫነላቸው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሯ ስትነሳ «ወደ ማን ቤት ልግባ?» ብላ ሁለት መስመር ታወጣለች። እንደ ዳቦ ይቆረጥ ቢባልም ዳቦው እኩል አልወጣም። ከሽቦ በኩል ሆኖ የኢንጂነሩ ዕቃ ይታያል። ከኢንጂነሩ በኩል ሲታይ ግን የሽቦ ወገን ጭራሽ የለም፤ ባዶ መሬት ነው የሚመስለው። እንዲያውም ዊንዶውሱ አንዳንዴ «ይህን ባዶ ቦታ ላጥፋው?» ብሎ ይጠይቃል። ኢንጂነሩ ሁለት ጊዜ እሺ ሊለው ጣቱን አንስቶ እናቱ ናት የጮኸችበት።

ሽቦ በራሱ በኩል ገብቶ «ቤተሰብ» የሚለውን የወንድሙን ፎልደር ከፈተ። የመጀመሪያው ፎቶ ኢንጂነሩ የትምህርት ቤት በር ላይ ነው። ከጎኑ ሽቦ ነበር፤ አሁን ትከሻው ላይ ያረፈች እጅ ብቻ ቀርታለች። ባለእጁ ተቆርጧል። ሁለተኛው ላይ ከጠርዙ በኩል አንድ ጆሮ ይታያል። ሦስተኛው ላይ ጥላው መሬቱ ላይ ረዝሞ ተጋድሟል፣ ባለጥላው የለም። ሊቆረጥ ያልተመቸውን ደግሞ፣ እናታቸው መሐል ቆማ ሁለቱን ያቀፈችበትን፣ ኢንጂነሩ አስቦበታል፤ ሽቦ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ለጥፎበታል። እናቱ አበባ አቅፋ ትስቃለች። ሽቦም ትንሽ ሳቀ፣ አበባው ቀሽም ነበር።

መፍትሔው ቀላል መሰለው። ያልተቆረጡት ፎቶዎች በእሱ በኩል አሉ፣ ስማቸውም አንድ ነው፤ ጎትቶ እዚያኛው ላይ መጣል ነው። ጎተተ፣ ጣለ። ኮምፒውተሯ «አይቻልም፣ ማንበብ ብቻ ነው» አለችው። ሊያጠፋ ሞከረ፣ አይቻልም። ስም ሊቀይር፣ አይቻልም። አንድ ባዶ ፎልደር እንኳ ልክፈት ቢል አይቻልም። እንደ ሆቴል በረኛ ነው፤ በመስታወቱ አሳልፎ ኬኩን ያሳይሃል፣ ልግባ ስትለው ደረቱን ይገትርልሃል። ሽቦ ተናዶ ሶኬቱን ነቀለው። መልሶ ሰካው፣ አስነሳው። ያው ነው።

«ምን ትጎረጉራለህ?» አለ ኢንጂነሩ ሸሚዝ በመስቀያ አንጠልጥሎ ሲያልፍ።

«ዘፈን ፈልጌ ነው።»

«በእኔ በኩል እንዳትነካካ!»

«አይነካም ባክህ፣ ተቆልፏል።»

«ተቆልፏል?» ኢንጂነሩ ቆም ብሎ ፊቱ ፈካ። ራሱ ባልቆለፈው ቁልፍ ኮርቶ አለፈ።

ሽቦ የሚሠራው ላቫጆ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ሲያጥብ ዋለ፤ ውጪውን በአረፋ፣ ውስጡን በመጥረጊያ፣ ጎማውን በብሩሽ። ሰው መኪናውን ሲያስረክብህ ቁልፉን ይሰጥሃል፣ ኪሱን ይረሳል፣ የተጣላበትን ደብዳቤ ሳይቀር ወንበሩ ላይ ይተውልሃል። ሽቦን የማያውቀው ሰው ሁሉ ያምነዋል። ይህን እያሰበ አንዱን ነጭ መኪና ሁለት ጊዜ አጠበው። አለቃው «ምን ሆነሃል ዛሬ?» አለው። «ወንድሜ ሊያገባ ነው፣ ማታ ሰዎቹ ይመጣሉ» አለ ሽቦ። አለቃው ቱቦውን ጥሎ እጁን ጨበጠው። «እንኳን ደስ ያለህ! እና አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ እንጂ ታጠብ! የሰው መኪና እያጠብክ አንተ ቆሽሸህ ልትቀርብ ነው?» ሽቦ ምን ይመልስ? እንኳን ደስ አለን ብሎ ወጣ።

መጀመሪያ ግን ወደ ጠጋኙ ሄደ። ጠጋኙ ዶክተሩ ነው የሚባለው፣ ስሙን ራሱ ነው ለራሱ ያወጣው። ሱቁ ከአንድ ጫማ ቤትና ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት መሐል የተሰነቀረች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በረንዳ ላይ ቆሞ ነው የሚታከመው። በሩ ላይ «ለማየት ብቻ ይከፈላል» የሚል ተለጥፏል። ሽቦ ብር አላወጣም፤ በር ላይ በቆመችው የዶክተሩ አሮጌ መኪና ላይ ዓይኑን ጣለ፣ ዶክተሩም ዓይኑን ተከትሎ አየ፣ ዋጋው በዚያው ተቆረጠ። ሽቦ የኮምፒውተሯን ነገር ነገረው።

«ወንድምህ ኮምፒውተሩን ሲያጠፋው አይጠፋም» አለ ዶክተሩ፣ የአንዱን ላፕቶፕ ሆድ ዕቃ በካቻቢቴ እየፈታ። «ነገ ቶሎ እንዲነሳ ብሎ ግማሽ ዓይኑን ገልጦ ነው የሚተኛው። አንተ የሰው ቤት ሰውየው ተኝቶ ሳለ ገብተህ ቁም ሳጥን ብታዞር፣ ሲነቃ ከግድግዳው ጋር ይላተማል። ያንተኛው ሲስተም ጨዋ ነው፣ ይህን ያውቃል። ስለዚህ በር ላይ ቆሞ ያያል፣ አይነካም።»

«ሶኬቱንስ ነቅዬው?»

«የተኛ ሰው ላይ መብራት ብታጠፋበት ይነቃል?»

«እና በምን ይነቃል?»

«በጉልበት መክፈት ይቻላል። ግን ተኝቶ ያቀፈው ነገር ሁሉ፣ ሳያስቀምጥ የተወው ሁሉ ይሄዳል። ፊልሙም ምኑም። ትፈልጋለህ?»

ሽቦ አፉ እሺ ሊል ከፈት ብሎ ነበር። ኢንጂነሩ ዳኛዋ ፊት ጥቁር ቴሌቪዥን ላይ ፈጦ ሲቀር ታየው፤ መልካም ነገር ነው፣ ያስቃል። ቆየት ብሎ ግን ሌላ ነገር ታየው። ፊልሙ ቢጠፋም እሱ ያው ውጪ ነው። ጥቁር ቴሌቪዥን ውስጥም የለበትም። እሱ የፈለገው ቤቱን ማቃጠል አልነበረም፣ ገብቶ መቀመጥ ነው።

«ሌላ የለውም?»

«ራሱ ሪስታርት ያድርገው። ሲያጠፋው ይተኛል፤ ሪስታርት ሲያደርገው ግን የእውነት ጠፍቶ ነው የሚነሳው። ያኔ አፍታ ሳትሰጠው በራስህ በኩል ግባ፣ ወለል ብሎ ይጠብቅሃል።»

«ቆይ ዶክተር፤ ማጥፋት አያጠፋም፣ የሚያጠፋው ማስነሳት ነው እያልከኝ ነው?»

«እኔ ምን አገባኝ፣ እኔ አልሠራሁት! ጎማውን ደግሞ በደንብ እሸው።»

ቤት ሲደርስ ኢንጂነሩ ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አገናኝቶ በካናቴራ ቆሞ ነበር። ሱሪው ተተኩሷል፣ ሸሚዙ ገና ነው። እናታቸው ኩሽና ናት፣ የኬኩን ካርቶን የት ላስቀምጥ፣ ብርጭቆ አነሰ፣ ለስላሳው አልቀዘቀዘም እያለች ለራሷ ትጮኻለች። ሽቦን ስታየው ጩኸቷን ዋጠች። «መጣህ?» አለች። «መጣሁ» አለ። እሷም የምትለው ነበራት፣ እሱም የሚለው ነበረው፤ ሁለቱም ስለ ለስላሳው አወሩ። በረዶ ያስፈልገው እንደሆነ በሰፊው ተወያዩበት።

ከዚያ ሽቦ ሳሎን ገብቶ ሲያልፍ በክርኑ የድምፅ ማውጫዋን ገመድ ትንሽ ሳብ አደረጋት። ብዙም አይደል፣ የጥፍር ያህል። ለማታ ይሞከር የነበረው ዘፈን ቀጥ አለ። ኢንጂነሩ ድምፁን ጨመረ፣ ቀነሰ፣ ቴሌቪዥኑን በጥፊ መታው፣ ኮምፒውተሩን ስሙን ጠርቶ ሰደበው። ከወረደበት ላብ ካናቴራው ጀርባው ላይ ተጣበቀ። «ምን ሆኖ ነው?» አለ ወደ ሽቦ ዞሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ድምፅ አውጥቶ።

«እኔ እንጃ» አለ ሽቦ በሩን ተደግፎ። «እኔ መኪና አጣቢ ነኝ፣ አንተ ነህ ኢንጂነሩ።»

«ሪስታርት አድርገው!» ብላ እናታቸው ከኩሽና ጮኸች። ከኮምፒውተር ትምህርት የምታውቀው ይህን አንድ ቃል ነው፤ ለካውያም፣ ለውኃ ቆጣሪም፣ ለባልና ሚስት ጠብም ታዝዘዋለች። ሽቦ ራሱ ሊለው ያሰበውን ከእናቱ አፍ ሲሰማው ሊስማት ዳዳው። ኢንጂነሩ ሪስታርት ነካ። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጮኸ፤ እጮኛው ናት፣ መታጠፊያው ጠፍቷቸዋል። «ፋርማሲው ጋ፣ አይ፣ ከፋርማሲው አልፎ!» እያለ ሸሚዙን በአንድ እጁ ለብሶ ወደ አጥሩ በር ሮጠ።

ስክሪኑ ጠቆረ፣ ሁለቱ መስመሮች ብቅ አሉ። ሽቦ የራሱን መረጠ። ፎልደሩን ከፈተ፣ የራሱን ፎቶዎች ጠቅልሎ ጎተተ፣ ጣለ። ኮምፒውተሯ በዚህ ጊዜ አልተቆጣችም። «እዚያ ተመሳሳይ ስም አለ፣ ልተካው?» አለች በትሕትና። ሁሉንም ተኪ አላት። አልበሙ እንዳለ ገባ፤ የተቆረጠው፣ አበባ የለበሰው፣ ኢንጂነሩ ጭራሽ ያላስገባውም ሳይቀር። አሁን የፈለገውን ማድረግ ይችላል፤ የወንድሙ ቤት ከነዕቃው ከፊቱ ተዘርግቷል፣ «ፍቅሬ» የሚል ፎልደር ሁሉ አለ። እጁን በላው። ግን አጥሩ በር ላይ የመኪና ድምፅ መጣ። ኮምፒውተሯን ወደ ወንድሙ በኩል መልሶ አስነሳት፣ ገመዷን ጠቅ አድርጎ ሰካት።

«ሠራ?» አለ ኢንጂነሩ እያለከለከ፣ ፓስወርዱን በጀርባው ከልሎ እየጻፈ።

«ሠራ። እማዬ ልክ ናት።»

«ጥሩ።» ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «አንተ ግን ለምን አልሄድክም?»

«አለቃዬ አሰናበተኝ። እንኳን ደስ ያለህ ብሏል።»

ኢንጂነሩ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ወንድሙ አየ። እንግዶቹ ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ እየጠረጉ ነው። «በቃ ትሪ ይዘህ ግባ» አለ በጥርሱ መሐል። «አዙረህ ውጣ። ወሬ የለም።»

ዳኛዋ አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ናቸው። ሲቀመጡ መጀመሪያ ያዩት ያልተቀባውን የግድግዳ ክፍል ነው። እጮኛዋ ከጎናቸው ተቀመጠች። አንድ አጎትም መጥተዋል፤ ኬኩ ፊት ለፊት ቦታ ያዙና ከዚያ በኋላ ከ«እህ» በቀር አልተናገሩም። ስለ መንገዱ ተወራ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ፣ የሴራሚክ ዋጋ ስንት እንደገባ ኢንጂነሩ ራሱ አስመጪ ይመስል በሰፊው አስረዳ። ሽቦ ከነላስቲክ ቦቲው ትሪውን ይዞ ገባ። ዳኛዋ ብርጭቆ አንስተው «ተባረክ» አሉት። ከዚያ መብራቱ ደብዘዝ ተደረገ፣ ዘፈኑ ተለቀቀ፣ ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «ይህ እንግዲህ የእኛ ቤተሰብ ነው» አለ።

የመጀመሪያው ፎቶ መጣ። ትምህርት ቤት በር፣ ኢንጂነሩ፣ ትከሻው ላይ እጅ፣ ከእጁ ጋር ባለእጁ፤ ጥርሱ የወለቀ፣ ሱሪው የወረደ፣ የሚስቅ።

«ይሄ ትንሹ ማነው?» አሉ ዳኛዋ።

ኢንጂነሩ አፉ እንደተከፈተ ነበር። ከተከፈተው አፍ መጀመሪያ የወጣው ቃል «የጎረቤት ልጅ» የሚል ሆነ። ሽቦ ትሪውን እንደያዘ ዞረ። ወደ እናቱ አየ። እናቱ ወደ ምንጣፉ አየች።

ፎቶው ግን ማንንም አይጠብቅም፣ እየቆጠረ ነው የሚቀየረው። ሁለት ሕፃናት አንድ ሳፋ ውስጥ፣ እስከ አንገታቸው አረፋ።

«ጎረቤቶቻችሁ ውኃ አልነበራቸውም?» አሉ ዳኛዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ እየሰኩ።

«ያኔ… ውኃ ይጠፋ ነበር» አለ ኢንጂነሩ።

ቀጣዩ መጣ። ሁለቱ አንድ ሹራብ ውስጥ ገብተዋል፣ ከአንድ አንገትጌ ሁለት ጭንቅላት ወጥቷል። «ልብስም ይጠፋ ነበር?» ኢንጂነሩ ተነስቶ ወደ ኮምፒውተሩ ሊሄድ ሲል የአጎትየው እግር መንገድ ዘጋበት፤ ኬክ የሚበላ ሰው እግሩን አይሰበስብም። ሌላ ፎቶ መጣ። እናታቸው፣ ገና ልጅ ሳለች፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጡት ታጠባለች። ኢንጂነሩ በሁለት እግሩ የቆመ ሆኖ ቀሚሷን ይዞ ያለቅሳል። ታቅፎ የሚጠባው ጆሮው ትልቅ፣ እግሩ ቀጭን፣ እንደ ሽቦ።

አጎትየው ማኘካቸውን አቆሙ። ዘፈኑ ብቻ ይጮኻል፣ ስለ ናፍቆት ነው። እጮኛዋ ፎቶውን አየች፣ ትሪ የያዘውን ልጅ አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። ጆሮው ያው ነው፣ አላደገም አልቀነሰም።

«ይሄንንም ጎረቤት ነው የላከው?» አሉ ዳኛዋ። ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ቦቲ ጫማ የሚያደርግ ሰው አይተው አያውቁም እንዳትለኝ፣ አባቴ በቦቲ ነው ያሳደገን። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ነገ እኔ ሳረጅና ስታመም፣ ወይ ልጄ ስትከሳ ስትጠቁር፣ ሰው ፊት ማናት ሲሉህ ምን ልትል ነው? የጎረቤት ልጅ?»

ሽቦ ይቺን ሰዓት ቀኑን ሙሉ ሲያልማት ነበር የዋለው፣ አሁን ስትመጣ ግን አላያትም፤ የሚያየው እናቱን ብቻ ነበር። ዳኛም ሺህ ቢናገር፣ ፎቶም ሺህ ቢመሰክር፣ ጠዋት ያንን «እንግዲህ አንተ ካልክ» ያለች እሷ ናት፤ እሷ ዝም ካለች እሱ ያው ትሪ ተሸካሚ ነው። እናቱ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች፣ አላስፈለገም፣ ግን አስተካከለች። ከዚያ ተነሳች። ምንም ሳትል ትሪውን ከሽቦ እጅ ተቀበለችና ኢንጂነሩ ደረት ላይ ገፋ አድርጋ አስያዘችው።

«በል፣ አንተ ደግሞ አዙር።»

ሽቦን ክንዱን ይዛ ወደ ሶፋው ወሰደችውና፣ አዲሱ ጨርቅ ላይ፣ ከነእርጥብ ሱሪው፣ በራሷና በዳኛዋ መሐል አስቀመጠችው። እጁንም አልለቀቀችም። ኢንጂነሩ የተተኮሰ ሱሪውን ለብሶ፣ ትሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ መጀመሪያ ወደ ዳኛዋ፣ ቀጥሎ ወደ አጎትየው፣ በመጨረሻ ወደ እጮኛው ጎንበስ አለ። እጮኛው ጊዜዋን ወስዳ አንዱን ብርጭቆ መረጠች፣ ቀና ብላም ዓይን ዓይኑን አየችው።

«አመሰግናለሁ፣ የጎረቤት ልጅ» አለችው።